ቀዩ ሦስት ማዕዘን በርቷል፣ ስልኩ ደግሞ «ስህተት አልተገኘም» ይላል (ፕሪየስ 2008)

የቸርቸሉ ነጂ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መኪናዬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2008 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ናት፤ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ፣ አውሮፓ አገልግላ የመጣች። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በቸርቸል ጎዳና ሽቅብ ስወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። ከኋላ ወንበር ጎን ያለው ማራገቢያም ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ መጮህ ጀመረ። ጉልበቷ ቀነሰ እንጂ አልቆመችም። ፒያሳ ደርሼ ጥግ ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳት ምልክቱ እዚያው ነው።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው ምንም ሳይለካ «የሃይብሪድ ባትሪው አልቋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አለኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያነብ ሰው እንዳይደነግጥ። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው «የዚህ መኪና በሽታ የታወቀ ነው» አለ።

ይኼ መልስ ስላላጠገበኝ ብሉቱዝ ያለው ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የስህተት ኮድ የሚያነብ ዕቃ) ገዝቼ ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። ነፃው መተግበሪያ «ምንም የስህተት ኮድ አልተገኘም» ይላል። ቀዩ ምልክት ግን አሁንም በርቷል። ጋራዡን ልመን፣ ስልኩን ወይስ ዳሽቦርዱን?

ባለ ስካነሩ

ከሦስቱ ዳሽቦርዱን እመን። ስልክህም አልዋሸህም፤ የጠየቀው ግን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ኦቢዲ መጀመሪያ የመጣው ለጭስ ቁጥጥር ነው። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁለተኛውን ትውልድ ኦቢዲ እንዲይዙ ያስገደደችው፣ ሞተሩ ከልክ በላይ በካይ ጭስ ሲያወጣ እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ ርካሽ ማንበቢያ ሁሉ የሚያውቀው የጋራ ነገር የሞተሩን ጉዳይ ነው። ያንተ መኪና ውስጥ ግን ከሞተሩ ኮምፒውተር ሌላ የሃይብሪዱ መቆጣጠሪያ አለ፣ የባትሪው ኮምፒውተር አለ፣ የፍሬኑም አለ። ነፃው መተግበሪያ የሞተሩን በር አንኳኩቶ «ደኅና ነን» ሲባል ወደ ቤቱ ተመልሷል። ጎረቤቶቹን አልጠየቀም።

ዶክተር ፕሪየስ የሚባለውን መተግበሪያ ሞክር፤ ለቶዮታ ሃይብሪዶች የተሠራ ነው፣ ኮዱንም የባትሪውን ንባብም ያወጣል። ሃይብሪድ አሲስታንትም ለቀጥታ ንባብ ጥሩ ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው ካገኘህ የቶዮታ የራሱ ፕሮግራም፣ ቴክስትሪም፣ ከሁሉም ይበልጣል፤ ንዑስ ኮዱን ሳይቀር ያሳይሃል።

ኮድ ለማንበብ ፍሬን ሳትረግጥ የማስነሻውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫን። ኮምፒውተሮቹ ይነቃሉ፣ መኪናው ግን ለመሄድ አይዘጋጅም። የቀጥታ ንባብ በጭነት ለማየት ግን ፍሬን ረግጠህ «ሬዲ» የሚለውን ማብራት አለብህ። ብሉቱዙ የይለፍ ቁጥር ከጠየቀህ አብዛኛውን ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው።

አንድ ልመና አለኝ፦ ያገኘኸውን በሙሉ ሳትጽፍ «አጥፋ» የሚለውን እንዳትነካ። ኮዱ ሲጠፋ፣ ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የተያዘው መረጃም አብሮ ይጠፋል።

ሰንጋተራ

ማንበቢያውን ራሱንም ተጠራጠረው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ኢኤልኤም327 የሚባለው ቺፕ ቅጂዎች ናቸው። «ስሪት 2.1» ከተጻፈባቸው ውስጥ ብዙዎቹ አንዳንድ ትእዛዞችን ጨርሶ አያውቁም። ቁጥሩ ከፍ ስላለ የተሻለ አይምሰልህ፤ 1.5 የተባለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል። አይፎን ከያዝክ ደግሞ ተራው ብሉቱዝ አይሆንልህም፤ ዋይፋይ ያለው ወይም ለአይፎን ተብሎ የተሠራው ያስፈልግሃል።

ጋሽ ካንዴላ

ልጆች፣ እኔ ካርቡሬተር በጆሮዬ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝና ታገሡኝ። ዛሬ ጥገና ማለት ማሽን ይሰካል፣ ቁጥር ይነበባል፣ ዕቃ ይገዛል። ካልሆነ ሌላ ዕቃ ይገዛል። በመካከል የሚያልቀው ባለመኪናው ነው። ይኼ ልጅ «ባትሪህ አልቋል» ተብሏል፤ ማን ለካው? በምን ለካው?

ከሁሉ በፊት ከኋላ ያለችውን ባለ 12 ቮልቷን ትንሽ ባትሪ ለካት። እሷ ስትደክም እነዚህ መኪናዎች የሌለባቸውን በሽታ ሁሉ ይናገራሉ። ማሽኑ ይቆይ።

እመቤት መፍቻ

ጋሽ ካንዴላ እውነታቸውን ነው፤ ቅደም ተከተሉ እሳቸው ያሉት ነው። የምሠራው ሃይብሪድ ላይ ነው። ቀድሞ ካዛንቺስ ነበርን፣ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ወደ ሌላ ቦታ ሄድን። ከሚመጡልን «የሞቱ» ፕሪየሶች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የትንሿ ባትሪ ጉዳይ ናቸው።

ወንድሜ የቸርቸሉ ነጂ፣ ባትሪዋ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ ጎን ናት። መኪናዋ ካደረች በኋላ ጠዋት ስትለካት 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ደኅና ናት፤ ከ12 በታች ከሆነ ሌላውን ንባብ ሁሉ ለጊዜው አትመነው። «ሬዲ» ሲበራ ወደ 14 ቮልት አካባቢ መውጣት አለባት። ካልወጣች ከትልቁ ባትሪ ኃይል አውርዶ የሚሞላት መለወጫ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ይህ መኪና እንደ ሌላው ባትሪ የሚሞላ ዳይናሞ የለውም፣ እዚያ አትፈልጉ።

እግረ መንገዴን፦ የቀድሞው ባለቤት ተራ አሲድ የሚሞላ ባትሪ አስገብቶላት እንደሆነ እይ። ይህች ባትሪ ተሳፋሪው ባለበት ክፍል ስለምትቀመጥ የታሸገው ዓይነት ሆና ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ሊኖራት ይገባል። ዋጋው ይወደዳል ብለው ተራውን የሚያስገቡ አሉ፤ የሚተነፍሰው እናንተ ላይ ነው።

እሷ ደኅና ከሆነች በትክክለኛው መተግበሪያ ኮዱን አንብብ፣ ከኮዱ ጋር የተመዘገበውን የቅጽበቱን መረጃም ላክልን፦ ፍጥነት፣ የባትሪው ሙላት፣ የባትሪው ሙቀት፣ በዚያች ሰዓት ይወጣ የነበረው አምፔር። ኮድ ብቻውን የሚነግርህ ቅሬታው ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ነው። ምክንያቱ ያለው እዚያ መረጃ ውስጥ ነው።

የቸርቸሉ ነጂ

ጋሼ፣ እመቤት፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትንሿ ባትሪ ደኅና ናት፤ ስትቆም 12.5፣ «ሬዲ» ሲበራ 13.9። አዲሱ መተግበሪያ ኮዶቹን አወጣቸው፦ ፒ0ኤ80 እና ፒ3016። ከቅጽበቱ መረጃ የገባኝ ይህ ነው፦ የባትሪው ሙላት 47 በመቶ፣ የመካከለኛው የሙቀት መለኪያ 49 ዲግሪ፣ ሌሎቹ ሁለቱ 41 እና 42፣ የወጣው ኃይል ከ80 አምፔር በላይ፣ ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት።

ፒ0ኤ80ን ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው «የሃይብሪድ ባትሪውን ይቀይሩ» ነው የሚለው። እንግዲህ ጋራዡ እውነቱን ነበር ማለት ነው?

ባለ ስካነሩ

የኮዱ ስም ያ ነው፣ ግን ስሙን እንደ ፍርድ አትውሰደው። ኮምፒውተሩ ያየው አንድ ነገር ነው፦ በባትሪው ክፍሎች መካከል የቮልቴጅ ልዩነቱ ከተፈቀደው አለፈ። ለምን እንዳለፈ የሚያይበት ዓይን የለውም። ፒ3016 ደግሞ 6ኛው ብሎክ ደክሟል ማለት ነው። ከፒ3011 እስከ ፒ3024 ያሉት ለ14ቱ ብሎኮች በቅደም ተከተል የተሰጡ ናቸው።

እመቤት መፍቻ

አሁን ሥራ ጀመርን። ውስጡን ላሳይህ፣ ከዚያ ምን እንደምትለካ ይገባሃል።

ባትሪህ 28 ሞጁሎች አሉት። እያንዳንዱ ሞጁል ባለ 1.2 ቮልት 6 ሴሎች ስላሉት 7.2 ቮልት ነው፤ ሁሉም በተርታ ሲያያዙ 201.6 ቮልት ይሆናሉ። ኮምፒውተሩ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ አያያቸውም፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ በ14 ብሎክ ያነባቸዋል። 6ኛው ብሎክ ማለት 11ኛውና 12ኛው ሞጁል ነው።

እነዚህን 14 ቁጥሮች በአንድ ገጽ አውጣቸውና ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ሂድ፣ ከዚያ ተመለስ። ስልኩን ሌላ ሰው ይያዘው፤ ወጪው መንገድ ባትሪውን ያስጨንቀዋል፣ ወራጁ ይሞላዋል። ለዚህ ሥራ ከቸርቸል የተሻለ መለኪያ አዲስ አበባ ውስጥ አላውቅም። ስትቆም፣ ስትወጣና ስትወርድ የ6ኛውን ብሎክ ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያየው።

የምፈልገው የልዩነቱን ባሕርይ ነው። ቆማም፣ ወጥታም፣ ወርዳም ያ ብሎክ ከሌሎቹ በ1.2 ቮልት አካባቢ ዝቅ ብሎ ከቀረ አንድ ሴል ውስጡ ተገናኝቶ ሞቷል፤ ያ ሞጁል አይድንም። መነሻው ላይ እኩል ሆኖ ዳገቱ በረዘመ ቁጥር ቀስ በቀስ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ የመያዝ አቅሙ አልቋል። ነዳጅ እንደረገጥክ ወዲያው ወድቆ፣ እንደለቀቅክ ወዲያው የሚመለስ፣ ቁልቁል ስትወርድና ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ከሌሎቹ በላይ የሚዘል ከሆነ ጉዳዩ ሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚያግድ መሰናክል) ነው። ሬዚስታንስ ደግሞ ከሞጁሉ ውስጥም ሊሆን ይችላል፣ ሞጁሎቹን ከሚያያይዙት የመዳብ ሳህኖች ዝገትም ሊሆን ይችላል። ይኼኛውን ነው ሳይለኩ «ባትሪው አልቋል» የሚሉት። ያለ ምክንያት ወዲያና ወዲህ የሚዘል ቁጥር ካየህ ደግሞ ቮልቴጁን የምታነብበዋን ቀጭን ሽቦ ጠርጥር።

ሙቀቱንም ልብ በሉት። መካከለኛው ከጎኖቹ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ይበልጣል፤ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ እየዞረ አየር እየደረሰ አይደለም። ከኋላ ወንበር በቀኝ ጎን ያለውን የአየር መግቢያ አይተኸዋል?

የቸርቸሉ ነጂ

አሁን አየሁት። ልብስና ቦርሳ የምንወረውረው እዚያ ላይ ነው። መሸፈኛው በአቧራ ግራጫ ሆኗል።

ጋሽ ካንዴላ

ይኸው። ማሽን ሳይሰካ በዓይን የሚታይ ነገር።

ባለ ስካነሩ

ጋሼ፣ ዓይን እንዲያይ ወዴት እንደሚያይ የነገረው ግን የሙቀት ቁጥሩ ነው። ተስማሙልኝ እንጂ።

ጋሽ ካንዴላ

በግማሽ ተስማምቻለሁ።

አኳ ፈላጊ

ክሩን ላቋርጥ፣ ይቅርታ። ነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። አንድ አኳ (ትንሿን የቶዮታ ሃይብሪድ) ልገዛ ነው። ሻጩ «ምንም መብራት የለባትም፣ ማሽን አስገብተህ እይ» ይላል። ይኼ ማንበቢያ ለእኔም ይጠቅማል?

ባለ ስካነሩ

ይጠቅማል፣ ግን የሚጠቅመው ኮዱ አይደለም። ሻጭ ኮድን በአንድ ንክኪ ሊያጠፋው ይችላል፤ የትንሿን ባትሪ ገመድ ነቅሎ መልሶ በመሰካትም ብዙው ይጠፋል። አንተ «ኮድ ከጠፋ በኋላ የተሄደ ኪሎ ሜትር» የሚለውን ንባብ አውጣ። ከጎኑ «ኮድ ከጠፋ በኋላ ሞተሩ ስንት ጊዜ ሞቀ» የሚል አለ። «ለብዙ ጊዜ ችግር የለባትም» የተባለች መኪና 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ካሳየችህ አንድ ሰው ትናንት ማታ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። የራስ ምርመራዎቹም «ዝግጁ አይደለም» የሚሉ ከሆነ ያው ምልክት ነው፤ እነዚህ የሚሞሉት መኪናው በተለያየ ሁኔታ ሲነዳ ነው።

አኳው ባትሪ ከፕሪየሱ ያንሳል፣ 20 ሞጁል፣ 144 ቮልት ነው። አለካኩ ግን እመቤት ከላይ የጻፈችው ነው። ዳገት ሳታስወጣት ገንዘብ እንዳትከፍል።

እመቤት መፍቻ

እኔም ልጨምር፦ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድ። ሻጩ «ላሙቃት» ካለህ «ግድ የለም፣ እኔው አስነሳታለሁ» በለው። ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ (በፈረንጅ ከ2010 ሞዴል ጀምሮ የወጣው፣ 1.8 ሊትሩ) ላይ ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተጠንቀቁ። የተቃጠለውን ጋዝ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መስመር በጥላሸት ሲደፈን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) መጎዳቱ በዚያ ሞተር ላይ የታወቀ ነው። ማንበቢያው ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያሉትን፣ «ሞተሩ በትክክል አልተቀጣጠለም» የሚሉትን ኮዶች ይሰጥና ብዙ ሰው ካንዴላ ቀይሮ ይሄዳል። የራዲያተር ውኃው እየቀነሰ እንደሆነ ሳያዩ ካንዴላ መቀየር የትም አያደርስም።

የጉለሌው

የውጭ አገር ሰዎች የሚጽፉትን ቁጥር እያነበባችሁ ለምትደነግጡ አንድ ነገር፦ አዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ከ75 እስከ 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ነው። ሰው ማንበቢያውን ሰክቶ የአየር ግፊቱ ከተባለው በሩብ ሲያንስ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ ሲቀይር አይቻለሁ። አልተበላሸም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በግራም ሲለካም እንደዚሁ ያንሳል።

ከዚያ ይልቅ የነዳጅ ማስተካከያውን ንባብ እዩ፤ የአጭርና የረዥም ጊዜ የሚባሉት ሁለቱ። ኮምፒውተሩ ለከፍታው ራሱን ስለሚያስተካክል እነሱ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለባቸውም። ከ10 በመቶ በላይ እየጨመረ ከቀጠለ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ወይም በአቧራ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ፈልጉ።

ለማራገቢያውም ይኼው ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ዙር እዚህ የሚያመጣው ቅዝቃዜ ያነሰ ነው። ብርዳችን ያካክሰዋል፣ መግቢያው በአቧራ ካልተደፈነ።

የቸርቸሉ ነጂ

እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ይዞ ሄድን። ቁጥሮቹ፦

ቆማ ሳለች 14ቱም ከ15.7 እስከ 15.9 መካከል፤ 6ኛውም 15.8። ሽቅብ ነዳጁን ስረግጥ ሌሎቹ 14.5 አካባቢ ሲሆኑ 6ኛው ወዲያውኑ 12.9። ስለቅቀው ወዲያው ይመለሳል። ቁልቁል ወደ ለገሃር ስንወርድ ሌሎቹ 16.6 ሲሆኑ እሱ 17.8። ወንድሜ «ይኼ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል እኮ፣ እንዴት ደካማ ይሆናል?» ብሎ ተከራከረኝ።

አንድ ሌላም አለ፦ 11ኛው ብሎክ ዳገቱ መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ በ0.4 ቀርቶ ነበር።

እመቤት መፍቻ

ለወንድምህ ንገረው፦ የሚበልጠው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ፍሰቱ ወደ ውጭ ሲሆን በመሰናክሉ ላይ ቮልቴጅ ይጎድላል፣ ፍሰቱ ወደ ውስጥ ሲሆን ያው መሰናክል ላይ ይጨምራል። ሁለቱም አቅጣጫ ላይ ተቀራራቢ መጠን ማየትህ፣ ስትቆም ደግሞ መጥፋቱ፣ የሬዚስታንስ ምልክት ነው። የሞተ ሴል ቢሆን ቆማም ይታይ ነበር። ስለዚህ ሞጁል ከመግዛትህ በፊት ባትሪው ተከፍቶ የ6ኛው ብሎክ ሳህኖችና ፍሬዎች ይታዩ።

መለዋወጫ በየዓይነቱ

ለምን ትጨነቃላችሁ? ሶማሌ ተራ ሄዶ ሁለት ያገለገሉ ሞጁሎች ገዝቶ በ11ኛውና በ12ኛው ቦታ መክተት ነው። በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ።

እመቤት መፍቻ

ያልቃል፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ወር በሌላ ብሎክ ይጀምራል። ታሪኩን የማታውቀው ሞጁል ከቀሩት 26ቱ ጋር እኩል የመያዝ አቅም ከሌለው ራሱ አዲሱ ደካማ ይሆናል። መግዛት ካስፈለገ በጭነት የተለካ፣ አቅሙ ከቀሩት ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ የቆመ ቮልቴጅ ብቻ አሳይቶ የሚሸጥ ምንም አላሳየም። እንዲህ የምለው ያገለገለ ዕቃ ጠልቼ አይደለም፣ ሳይለካ የተገዛውን ነው።

መለዋወጫ በየዓይነቱ

ደንበኛው አዲስ የሚገዛበት አቅም ከሌለውስ? በመጽሐፍ አይኖርም።

እመቤት መፍቻ

ለዚህ ነው መጀመሪያ ሳህኑን እንይ የምለው። ሳህን ማጽዳት ከሞጁልም ይረክሳል።

እና ወንድሜ የቸርቸሉ ነጂ፣ ይህን ራስህ አትክፈተው። ኮድ ማንበብና ቁጥር መከታተል ማንም የሚችለው ነው፤ ብርቱካናማው የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ያለበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ባትሪው ብቻውን ከ200 ቮልት በላይ ነው፣ የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚለውጠው ኢንቨርተር ያንን እስከ 500 ቮልት ያደርሰዋል። የሚሠራልህ ሰው እስከ 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት አድርጎ፣ የአገልግሎት መሰኪያውን ነቅሎ ኪሱ ከትቶ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያም ቀሪ ቮልቴጅ አለመኖሩን ለክቶ እንደሚጀምር ፊት ለፊት ቆመህ እይ። የተነቀለው መሰኪያ ግን ባትሪውን ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሞጁሎቹ በውስጣቸው ያው ኃይል አላቸው። ያለ ጓንት የሚገባ ሰው ካየህ መኪናህን አስነሥተህ ሂድ። ፍሬዎቹ ደግሞ የሚጠብቁት በ5.4 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው የሞጁሉን ብሎን ይነቅለዋል።

ጋሽ ካንዴላ

ይህን ጽሑፍ አትማችሁ በየጋራዡ ለጥፉት። ስለ ጓንቱ የተጻፈውን በተለይ።

የቸርቸሉ ነጂ

ተከፈተ። ጓንት ያለው ሰው አግኝቼ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁ። በ6ኛው ብሎክ ላይ ያሉት ሁለት የመዳብ ሳህኖች አረንጓዴ ሆነዋል፤ አንዱ ፍሬ ሥር ዝገቱ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ሌሎቹም በመጠኑ ጠቁረዋል። ሁሉም ወጥተው ጸዱ፣ በተባለው ኃይል ጠበቁ። ማራገቢያው ከቤቱ ሲወጣ በክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀው አቧራና የጨርቅ ብናኝ የሚያስገርም ነበር።

ኮዱን አጥፍቼ ያንኑ ዳገት ደገምኩት። 6ኛው ብሎክ ከሌሎቹ የሚለየው 0.3 ነው አሁን፤ መካከለኛው ሙቀት 38፣ ጎኖቹ 36። 11ኛው ብሎክ ግን ያው ነው፣ ዳገቱ መጨረሻ ላይ 0.4 ይቀራል።

እመቤት መፍቻ

ጥሩ ነው። 11ኛው አቅሙ እየቀነሰ ነው፤ ያንን ዝገት ማጽዳት አይመልሰውም። ዕድሜው የገፋ ባትሪ ስለሆነ አንድ ቀን ትገዛለህ፣ ግን ሳትቸኩል ዋጋ አጠያይቀህ ነው የምትገዛው። ያንኑ ዳገት አልፎ አልፎ ወጥተህ የ11ኛውን ልዩነት ጻፈው። በጭነት ወደ 1 ቮልት ሲጠጋ እንነጋገራለን። እስከዚያ ባትሪውን ሙሉ እንዲቀይርልህ ለማንም ቀብድ አትክፈል።

ማንበቢያውንም ሰክተህ አትደር። የሶኬቱ 16ኛው እግር ሁልጊዜ ከትንሿ ባትሪ ጋር የተገናኘ ነው፤ መኪናዋ ጠፍታም ይመጠምጣል።

አኳ ፈላጊ

አኳዋን አየሁ። «ኮድ ከጠፋ በኋላ የተሄደ» የሚለው 9 ኪሎ ሜትር ነው። ሻጩን ስጠይቀው «ባትሪ ስለቀየርኩ ነው» አለ።

ባለ ስካነሩ

ሊሆን ይችላል። ደረሰኙን ጠይቀው፣ ከዚያም መኪናዋን ወደ እንጦጦ ውሰዳት። አልሰጥም ካለ መልሱን አገኘህ።

ካዛንቺስ ምሽት

እኔ ሌላ ኮድ አለኝ፤ ፒ0ኤኤ6። ያው 2008 ፕሪየስ ነው። ክረምት ሲገባ ብቻ ይበራል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። መተግበሪያው «የከፍተኛ ቮልቴጅ መከላከያ ብልሽት» ይላል።

እመቤት መፍቻ

ንዑስ ኮዱ ስንት ነው? 526 ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ ቦታውን አልለየውም። 611 ከሆነ ወደ አየር ማቀዝቀዣው፣ 612 ወደ ባትሪው፣ 613 ወደ ማርሹ ክፍል፣ 614 ወደ ኢንቨርተሩ መስመር ነው የሚጠቁመው።

ካዛንቺስ ምሽት

526 እና 612።

እመቤት መፍቻ

ክረምት ብቻ ከሆነ እንግዲያው ውኃ ወደ ባትሪው እየደረሰ ሳይሆን አይቀርም። የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንሥተህ ከሥሩ እርጥበት ካለ፣ ከጣሪያው ስፌት ወይም ከኋላው በር ጎማ የሚገባበትን በቧንቧ ውኃ እያፈሰስክ ፈልገው። ይህ ኮድ ግን ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ መኪናው አካል እየሾለከ ነው ማለት ስለሆነ ባትሪው አጠገብ ያለውን ምንም ነገር በእጅህ አትንካ፤ ለሚመረምርልህ ሰውም ኮዱን አስቀድመህ ንገረው።